የላይኛው ፎቅ ቦርዶች

ሲስተር ስትደውልልኝ፣ ከድንበር ማዶ በምኖርባት የሶማሌ ከተማ፣ ዋሄን በሚባለው ገበያ ውስጥ ባለችው የኮምፒውተር ጥገና ሱቄ ምሳ ለመብላት እጄን ታጥቤ ነበር። የክሊኒኳን አልጋዎች ወደ አዲሱ ፎቅ ማውጣታቸውን፣ እኔ የሠራሁላትን ቦርዶችም በየአልጋው አጠገብ መሰካታቸውን ነገረችኝ። «ግን ታች ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም» አለች። ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ሲስተር የምላት 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር የማዋለጃ ክሊኒክ የከፈተች አዋላጅ ናት። ቤተሰቦቿ ከተማዋ በጦርነት በፈረሰችበት ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ሲሰደዱ ልጅ ነበረች፤ ያደገችውም ሙያውን የተማረችውም ድሬዳዋ ነው። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ መጀመሪያ አንቱ እላት ነበር። የድሬ ልጅ መሆኔን ያወቀች ቀን ግን «ድሬ ላይ ማነው አንቱ የሚባባለው?» ብላ ሳቀችብኝና አንቺ ማለት ጀመርኩ።

ክሊኒኩ የአባቷ ቤት ነው። ከስደት ስትመለስ ያገኘችው ጣሪያም በርም የሌለው ግድግዳ ነበር። ጥይት የበሳውን በሲሚንቶ ደፈነች፣ ቆርቆሮ አለበሰችውና ምድር ቤቱን ለወላዶች ከፈተችው። እያደር ቆርቆሮውን አንሥታ ፎቅ ጨመረችበት። ያኔ መንገዱ ሁሉ ገና በግንባታ ላይ ስለነበር ከክሊኒኩ በር ለመድረስ በጎረቤት አሸዋና ብሎኬት መሀል መሽሎክሎክ ነበረብኝ።

ለእሷ የሠራሁላት ነገር ይህ ነው። በየአልጋው አጠገብ መዳፍ የምታህል የኮምፒውተር ቦርድ አለች፤ ቦርዷ የጽንስ ልብ ምት ከሚቆጥረው መሣሪያ ቁጥሩን ትቀበልና በኔትወርክ ገመድ ወደ ነርሶቹ ክፍል ትልካለች። በአንድ ፈረቃ የምትገኘው አዋላጅ አንዲት ብቻ ናት። እሷ አንዷን ስታዋልድ ረዳቷ የሌሎቹን ከስክሪኑ ትከታተላለች። ቦርዶቹ ምድር ቤት እያሉ እንከን አልነበራቸውም።

ለአዲሱ ፎቅ ግን አዲስ ስዊች አስገባን። ስዊች ማለት ገመዶቹ ሁሉ የሚሰበሰቡበት ሳጥን ነው። አዲስ የምለው ለእኛ ነው እንጂ ከዱባይ የመጣ፣ ቀድሞ የሌላ መሥሪያ ቤት የነበረ ዕቃ ነው። ከድሮው በጣም ይፈጥናል፤ በዚያው ገመድ ውስጥ ኤሌክትሪክም መላክ ይችላል። በዋዜማው ገጥሜው፣ በላፕቶፔ ሁሉንም መስመር ፈትሼ፣ ደስ ብሎኝ ነበር የተመለስኩት። የድሮውን ስዊች ሲስተር ለዘመዷ ትምህርት ቤት ሰጥታዋለች።

ፎቅ ላይ ስወጣ ቦርዶቹ ቀይ መብራታቸው በርቷል። ኤሌክትሪክ አግኝተዋል ማለት ነው። ገመዱ የሚሰካበት ሶኬት ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ግን በአንዳቸውም ላይ የለችም። ገመድ ቀየርኩ፤ አልበራችም። ያንኑ ገመድ ከቦርዷ ነቅዬ ላፕቶፔ ላይ ስሰካው ወዲያው ሠራ። ወደ ሌላው አልጋ ሄድኩ፤ ያው ነው። ገመዱ ደህና፣ ስዊቹ ደህና ከሆነ የቀረው ቦርዱ ነው። አንዳንድ ስዊች ማንም ሳይጠይቀው ኤሌክትሪክ በገመዱ ይለቃል ሲባል ሰምቼ ነበር። የቦርዶቹን ሶኬት በሙሉ አቃጥሎታል ብዬ ደመደምኩ።

መስኮቱ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ መንታ ያረገዘች ሴት ተኝታለች። ምጧ ገና ቢሆንም ሲስተር ሁለቱንም ልብ በየጊዜው ማዳመጥ ስላለባት፣ ታች ማዋለጃ ክፍል ሌላ ወላድ እያለባት ደረጃውን ስትወጣና ስትወርድ ዋለች። ጉልበቷን ያማታል። ደረጃው ላይ የተቀመጠው የሴትየዋ ባል፣ የአየር ማረፊያ ታክሲ የሚነዳ ሰው፣ ሲስተር ባለፈች ቁጥር እየተነሣ መንገድ ይለቅላታል።

ሲስተርን ኮሪደሩ ላይ ጠብቄ የመሰለኝን ነገርኳት።

«ሁሉም?» አለችኝ።

«ሁሉም ይመስለኛል።»

ሌላ ይገኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዋሄን ውስጥ እንደሌለ፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው ይዞልን እስኪመጣ መጠበቅ እንዳለብን አስረዳኋት። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን የእንጨት ማዳመጫዋን ከኪሷ አወጣችና «እንግዲህ እስከዚያ ጆሮ አለን» ብላ ወደ መንታዎቹ እናት ገባች።

ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ መብራት ጠፋ። ስዊቹም ድምፁን አጠፋ። ለጄኔሬተሩ ነዳጅ ሊያመጣ ዘበኛው ወጣ። ቦርዶቹ ለእንዲህ ያለው ጊዜ የገጠምኩላቸው ትንንሽ ባትሪ ስላላቸው ቀይ መብራታቸው አልጠፋም። ላፕቶፔም በባትሪ እየሠራ ነው። እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ አንድ አጭር ገመድ ከቦርሳዬ አወጣሁና ቦርዷን በቀጥታ ከላፕቶፔ ጋር አገናኘኋት። ለውጥ ይኖራል ብዬ አልጠበቅኩም።

አረንጓዴዋ በራች።

ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፤ እንደገና በራች። ወደ ሁለተኛዋ፣ ወደ ሦስተኛዋ ሮጥኩ። አንዷም አልተቃጠለችም። ግድግዳውን ተደግፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ የታክሲው ሹፌር ያመመኝ መስሎት ውኃ አመጣልኝ።

ውኃውን እየጠጣሁ የላፕቶፔን ስክሪን አየሁት። ከቦርዷ ጋር የተገናኘው በመቶ ሜጋቢት ፍጥነት ነው። ቅድም ከስዊቹ ጋር ግን በጊጋቢት፣ በዐሥር እጥፍ ነበር የተገናኘው። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ሁለት መሣሪያዎች በገመድ ሲገናኙ መጀመሪያ ሁለቱም በሚችሉት ፍጥነት ላይ ይስማማሉ። ላፕቶፔ ሁለቱንም ፍጥነት ስለሚችል ከማንም ጋር ይግባባል። ቦርዶቹ ግን ከመቶ በላይ እንዲሄዱ አልተሠሩም፤ የድሮው ስዊችም በመቶ የሚሄድ ነበር። ፈጣን ስዊች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለዘገምተኛው ዝቅ ይልለታል። ይሄኛው ለምን እምቢ አለ?

ጄኔሬተሩ ሲነሣ በላፕቶፔ ወደ ስዊቹ ቅንብር ገባሁ። የቀድሞ ባለቤቶቹ እያንዳንዱን መስመር ከጊጋቢት ሌላ እንዳይቀበል አድርገው ዘግተውታል። ለራሳቸው ምክንያት ነበራቸው ይሆናል። የመጀመሪያውን መስመር በፍጥነቱ ላይ ራሱ ከቦርዷ ጋር እንዲስማማ ብዬ ለወጥኩት። ቀና ስል የመስኮቱ አልጋ ቦርድ ላይ አረንጓዴዋ በርታለች። የቀሩትንም ተራ በተራ ለወጥኳቸው።

ረዳቷ ነርስ ከታች እየተጣደፈች ወጣች። የመንታዎቹ ሁለት ቁጥር ስክሪኑ ላይ መምጣቱን በሶማልኛ ነገረችን። ሲስተር ከአልጋው ራስጌ ቀና ብላ አየችኝ።

«አልተቃጠሉም?»

«አልተቃጠሉም። ፍጥነት ነው ያላስማማቸው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለችና ባዶው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። ከመጣሁ ጀምሮ ስትቀመጥ ያየኋት ያኔ ነው። ጉልበቷን እያሸች፣ ምሳ መብላቴን ጠየቀችኝ። እውነትም አልበላሁም ነበር። ታች ወርጄ ከነርሶቹ ጋር ሩዝ በላሁ፤ እየበላሁም ዓይኔን ከስክሪኑ አልነቀልኩም። ሁለቱ ቁጥሮች ከፍ ዝቅ እያሉ እኩል ይሄዱ ነበር።

መንታዎቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ በሰላም ተወለዱ። ዕቃዬን ሰብስቤ ስወጣ አባትየው ካላደረስኩህ ብሎ ታክሲው ውስጥ አስገባኝ። ዋሄን በእግር ቅርብ ነው፤ በመኪና ግን በተሸካሚውና በመንገድ ዳር ገንዘብ መንዛሪው መሀል መንፏቀቅ ነው። በተሰባበረ ሶማልኛዬ እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። ልጆቹን እንዴት እንዳገኘኋቸው ጠየቀኝ።

«አላየኋቸውም» አልኩት። «እኔ ያየሁት ቁጥራቸውን ብቻ ነው።»

ዞር ብሎ በመገረም አየኝ። ከዚያ ከኋላ የተሰለፈው መኪና ሁሉ ጥሩምባውን እየነፋበት፣ ታክሲውን እዚያው ገበያው መሀል አዙሮ ወደ ክሊኒኩ መለሰኝ። ፎቅ ወጥተን በሩን በቀስታ ከፈተልኝ። ሁለቱ ሕፃናት በአንድ ሻሽ ተጠቅልለው፣ ፊት ለፊት ተኝተው ነበር፤ አንደኛው አፉን ከፍቶ። እናታቸው ጠጋ በል ብላ በእጇ ጠራችኝ።