ኮሶ የጠጣችው ላም

እትዬ ወለተሰንበት ትርፍ ቤታቸውን በአዋጅ፣ ባላቸውን በስኳር በሽታ ካጡ በኋላ የቀረቻቸው አንዲት ላም ነበረች። ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ቦራ ይሏታል። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ የምንኖር ሁሉ ወይ እኛ የቦራን ወተት ጠጥተናል፣ ወይ ልጆቻችን ጠጥተዋል፤ ስለዚህ የቦራ ነገር የሰፈሩ ነገር ነበር። ባላቸውን «አንተ» ሲሉ የኖሩት ሴትዮ ላሚቱን «እሜቴ» ይሏታል እያልን እናማቸው ነበር። ሐሜቱ ትንሽ ተጋንኗል። እሜቴ የሚሏት ሲያልቧት ብቻ ነው።

በስድሳ ሦስት ሳይሆን በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ነው፤ እድሜዬን ለመቀነስ ብዬ ዓመት የማዛባ እንዳይመስላችሁ። ቦራ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች፤ ወተቷ ነጥፏል። መስከረም ማለቂያ ላይ ትወልዳለች ተብሎ ይጠበቃል። እትዬ እስከዚያ ሽሮ እያቀጠኑ ይገፉታል። ከወለደች ወተት አለ፣ ወተት ካለ ኑሮ አለ። ካልወለደች ግን የሚጠጉበት ዘመድ እንኳ አልነበራቸውም። የነበሩትም ዘመዶች ራሳቸው የሚጠጉበት ይፈልጉ ነበር።

ቦራ የምትግጠው ወንዙ ዳር ካለው ረግረግ ነው። እዚያ ሣሩ እንደ ጎመን ለምለም ነው። ሐምሌ ማለቂያ ላይ ግን ይኸን ሁሉ ሣር እየበላች መክሳት ጀመረች። ፀጉሯ ቆመ፣ የጎድን አጥንቷ ተቆጠረ፣ ተቅማጥ ያዛት፤ ከመንጋጋዋ ሥር ውሃ የቋጠረ እብጠት ተንጠለጠለ። ሰፈሩ በመጀመሪያው ቀን ቡዳ ነው አለ። በሁለተኛው ቀን ቡዳዋ ማን እንደሆነች ሁለት ስም ቀረበ። ከሁለቱ አንደኛዋ እናቴ ስለነበረች ወሬውን እዚህ ላይ አሳጥረዋለሁ።

እትዬ መድኃኒት ፍለጋ ሁለት ቀን ተንከራተቱ። አንድ መሥሪያ ቤት፣ የከብት መድኃኒት የሚሰጠው በማኅበር ለተደራጁ አርቢዎች ብቻ ነው አላቸው።

«እኔና ቦራ ተደራጅተናል» ብለው መለሱ አሉ። «ሊቀ መንበሯ እሷ ናት።»

ጸሐፊው አልሳቀም። እትዬም እንደማይሰጣቸው ቆይቶ ሲገባቸው በሩን እንኳ ሳይዘጉ ወጡ።

ትል መሆኑን በኋላ የነገራቸው ሂርጳ ነበር። ሂርጳ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ያለ መሥሪያ ቤት ዘበኛ ነው፤ ያደገው ሆለታ፣ ከብት መሀል። ወደ ሥራ ሲያልፍ ቆመና የቦራን የዐይን ቆብ ገለበጠ። ውስጡ እንደ ወረቀት ነጥቷል።

«ቡዳ አይደለም፣ እትዬ። ትል ነው። ደሟን እየጠጣው ነው።»

«ምን ይሻላታል ታዲያ?»

«መራራ ነገር ትቅመስ። ግራዋ፣ ወይ እንቆቆ። ቀሪውን ማታ እነግርዎታለሁ፣ ሰዓቴ ደርሷል።»

ማታ የቀበሌ ስብሰባ ሆነ፤ ሂርጳ አልመጣም። እትዬ ግን ማታን የሚጠብቁ ሴት አልነበሩም። እሱ እንደሄደ ወዲያው ተክለ ሃይማኖት ሰፈር፣ ቅመምና የባህል መድኃኒት የምትሸጠው ዙሃራ ዘንድ ሄደዋል።

«የትል መድኃኒት» አሏት።

«ለእርስዎ ነው፣ እማማ?»

«ለላሜ። እርጉዝ ናት።»

«እንግዲያስ ኮሶ አልሰጥዎትም። ለእርጉዝ አይሆንም።»

«ለሴት ነው እንጂ ለላም ማን ከለከለ?»

ዙሃራ እንቆቆ ሰፈረችላቸው። እትዬ እንቆቆውን ተቀብለው፣ ኮሶ ይበረታል ብለው ግን ከዚያ ማዶ ካለው ሌላ ሱቅ ኮሶውን ገዙ።

ኮሶ እንዴት እንደሚጠጣ በእኛ ሰፈር የማያውቅ የለም። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሁሉ በየሁለት ወሩ ይጋተዋል። ሆድን ባዶ አድርጎ ማደር፣ ጠዋት ጭልጥ ማድረግ፣ በር ዘግቶ መተኛት፤ ትሉ እስኪወጣ እህል የለ፣ ፀሐይ የለ፣ እንግዳ የለ፤ ከወጣ በኋላ ዶሮ ይታረዳል። እትዬ ሕጉን አንድም ሳያጎድሉ ለቦራ አደረጉላት። በረቷን በጆንያ ጋረዱ። ሣሩን አነሡ። ሊጠይቅ የሄደውን ሁሉ በር ላይ «መድኃኒት ላይ ናት» እያሉ መለሱት። እኔም ከተመለሱት አንዱ ነኝ። «ዶሮው መቼ ነው የሚታረድላት?» ብዬ ቀለድኩ። ባልቀለድኩ ደስ ይለኝ ነበር።

ትሉ አልወጣም። በማግስቱ ደገሙላት፤ አሁንም ባዶ ሆዷን። በሦስተኛው ቀን ቦራ በጉልበቷ ተንበረከከች፣ ከዚያ በጎኗ ወደቀች፤ አልተነሣችም።

ሂርጳ ተጠርቶ መጣ።

«ምን በልታለች?»

«ምንም። መድኃኒት ላይ ናት እኮ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ?»

«ከእህል ጋር ትሉ መች ይወጣል?»

ሂርጳ ቆቡን አወለቀ። «ትሉ ደሟን ወሰደ፣ እርስዎ ሣሯን ወሰዱ። በምን ትቁም? ከብት ትልን የሚችለው እየበላ ነው። መራራው ብቻውን ምን ያደርጋል? ከጎኑ ፋጉሎ፣ ፉርሽካ፣ የባቄላ ገለባ፣ ከረግረጉም የራቀ ደረቅ ድርቆሽ። ማታ ልነግርዎት የነበረው ይኼ ነው።»

እትዬ ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። «ገደልኳት በለኛ።»

«ገና ናት» አለ ሂርጳ፤ ላሚቱን እንጂ እሳቸውን እያየ አልነበረም።

ይህን ወሬ ሰምቶ በድሉ ከተፍ አለ። በድሉ ሥጋ ቤት አለው፤ ፍልሰታ ስለሆነ ዘግቶ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ ሳትሞት ትታረድ። ከሞተች የጅብ ናት።»

«በጾም ማን ሊበላት?»

«ሙስሊም ጎረቤቶች ባርከው ያርዷታል። ቆዳዋም ለእርስዎ ይተርፋል። እስከ ነገ ጠዋት ያስቡበት፣ ከዚያ በላይ የምትቆይ አይመስለኝም።»

እትዬ እጃቸውን የቦራ ሆድ ላይ አሳረፉ። ጥጃው አንዴ ገፋቸው።

«ይኼንንም ልታርድልኝ ነው?» አሉ።

ከማንም አንዲት ጭብጥ ጨው ተበድረው የማያውቁት ሴት ያን ቀን በር ለበር ዞሩ። ፋጉሎ ከዘይት ፋብሪካ ያለ ቀበሌ ደብዳቤ አይገኝም፤ ደብዳቤ የሚጽፈው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። ጠላ ሻጯ አተላ ሰጠች። እናቴ አንድ ሳፋ የባቄላ ገለባ ተሸክማ ሄደች፤ «ዐይኔን ጨፍኜ ነው ያመጣሁት» ብላ በራቸው ላይ አስቀመጠችው። እትዬ ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም። ሂርጳ የግራዋ ቅጠል ቆራርጦ ከፉርሽካ ጋር በሞቀ ውሃ አላቆጠና በጠርሙስ አጋታት። ጆንያ ሰፍተን በሆዷ ሥር አሳልፈን፣ ስምንት ሆነን በገመድ አነሣናት። እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ተንጠለጠለች። ስንለቃት ወደቀች። በማግስቱም እንዲሁ። እትዬ በቀን አራት ጊዜ እያገላበጡ ጎኗን በገለባ ያሹ ነበር፤ የሚያጉተመትሙት ጸሎት ይሁን ይቅርታ ግን አልለየንም።

በአምስተኛው ቀን የግራዋ ቅጠል ከእጃቸው ላይ ራሷ ነጥቃ በላች። በሰባተኛው እግሮቿ እየተንቀጠቀጡ ቆመች። ማንም አላጨበጨበም፤ ትወድቃለች ብለን ፈርተን።

ነሐሴ ሃያ ጥጃዋን ያለ ጊዜዋ ጣለች። ሞታ ነው የወጣችው። ሴት ነበረች፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት።

«ኮሶው ነው፣ ጾሙ ነው?» አሉ እትዬ።

«ትሉም ሊሆን ይችላል» አለ ሂርጳ። መዋሸት አይችልበትም።

ጥጃ የሌላት ላም ወተቷን አትለቅም። በድሉ ሳይጠሩት ቢላዋውን ይዞ መጣ፤ የሞተችውን ጥጃ ገፈፈ፣ ቆዳውን ጨው ነስንሶ በጭድ ሞላና ሰፋ፣ የእጁንም አልጠየቀም። ቆዳውን ከቦራ ፊት አቆሙት። አሸተተችው። ከዚያ ቆዳውን በቀስታ ትልሰው ጀመር። እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቡ።

ግማሽ ጣሳ እንኳ አልሞላም። ሂርጳ ቀመሰው።

«ይመራል። ግራዋው ነው። ትሉ እስኪለቃት ግን አይቋረጥ።»

እትዬም ቀመሱት። «ይመራል» አሉ። ወተቱን ደጃፉ ላይ ደፉት፣ ማጭዳቸውን አነሡና የነገውን ግራዋ ሊቆርጡ ወጡ።