በልኳ አትሙልኝ

አማን ከተማ ላይ ኮምፒውተር ቤት ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ ነው። ልጅ ሳለሁ አጠገባችን ሚዛን ከተማ ሣር ሜዳ ላይ ታርፍ የነበረችውን ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን በካርቶን ልሠራት ተነሣሁ። ድምጿን ስንሰማ የቡና ለቀማውን ጥለን የምንሮጥላት ነበረች። አንድ ጓደኛዬ ተቆርጦ የሚጣጠፍ ንድፏን ከአዲስ አበባ በፍላሽ ላከልኝና ለማሳተም ሄድኩ።

ከንድፉ ግርጌ መጠኑ እንዳልተዛባ የሚታይበት «አሥር ሴንቲ ሜትር» የተባለ መስመር አለ። ታትሞ ሲወጣ በማስመሪያ ለካሁት፤ ዘጠኝ ተኩል ሆነ።

«ማርታ፣ አሳንሶታል» አልኳት የቤቱን ባለቤት።

«ወረቀቱ ላይ እንዲገባ ነዋ!»

«አይግባ። በሁለት ወረቀት አውጪውና እኔ አጣብቀዋለሁ። ብቻ መጠኑን አትንኪብኝ።»

እየተነጫነጨች አስተካከለችው። ስንት ወረቀት ካበላሸን በኋላ አሥሩ አሥር ሆነ! ሁለቱን ወረቀቶች ገጣጥሜ ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋ፣ ኮፒ ሊያስደርጉ ወረፋ የያዙ አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይቺ ድሮ ቴፒ ትመጣ የነበረችው አይደለችም?»

«ናት፣ እማማ። ሚዛንም ቴፒም ታርፍ ነበር።»

«እስቲ ለእኔም በልኳ አትሙልኝ።»

«ይኸው በልኳ ነው እኮ።»

«ይቺማ ትንሽ ናት። የእውነቷን ነው የምልህ።»

ማርታ ሳቀች። «እማማ፣ የእውነቷማ እዚህ ቤት አትገባም!»

አሮጊቷ አልሳቁም። ጣታቸውን ጭራው አጠገብ ያለችው መስኮት ላይ አሳረፉ።

«ምጥ ጠንቶብኝ ወደ ጅማ ሐኪም ቤት ሲወስዱኝ ነው» አሉ። «የበኩር ልጄን እዚህ ጋ፣ ቡና ጆንያ ላይ ወለድኩት። የት ተወለድኩ ባለኝ ቁጥር ወደ ሰማይ ነው የማሳየው።»