ዝም ካለ ሠርቷል

ፀደንያ ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ እኛ ግቢ ከተከራየች ጀምሮ ስትሮጥ እንጂ ስትራመድ አይቻት አላውቅም። ጠዋት የምትሠራበትን ፋብሪካ ሰርቪስ ለመያዝ ትሮጣለች፤ ማታ ከሰርቪሱ ወርዳ ወደ አባቷ ትሮጣለች። ሌላ መሄጃ የላትም። ጣና ዳር ወጣ ብለን አየር እንውሰድ ብዬ ስንቴ ለመንኳት! «አባባን ለማን ትቼ?» ትለኛለች፤ በቃ፣ አለቀ። ዓሣ ሻጯ በር ላይ መጥታ ካልጮኸች በቀር ሐይቅ አጠገብ እንደምትኖር ራሱ የረሳች ይመስለኛል።

እኔ ጎረቤቷ ነኝ። የሚለየን ግድግዳ ነው፤ ያውም ስስ ግድግዳ። ስለዚህ ከምነግራችሁ ግማሹን ራሷ አጫውታኛለች፤ ግማሹን ማንም ሳይነግረኝ ሰምቻለሁ።

አባቷ የኔታ ገድሉ የቅኔ መምህር ናቸው። ቆላ ድባ አጠገብ ባለች ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲጠፋና ተማሪው ሲበተን ልጃቸው አምጥታ እዚህ አስቀመጠቻቸው። መቼም የቅኔ ነገር ይታወቃል፤ ማኅሌት ላይ የሚባለው አንዴ ነው፣ የትናንቱን ዛሬ ይዞ የሚቀርብ ሰው ይታማል። የኔታ ታዲያ ይህን ልማድ ከማኅሌቱ አውጥተው ቤት ድረስ ይዘውት መጥተዋል። ወጡ ጨው አነሰው ሲሉ እንኳ የሚሉት አንድ ጊዜ ነው። «ምን አሉ አባባ?» ብትል መልስ የለም። የሰማ ይያዝ፤ ያልያዘ የራሱ ጉዳይ።

እንግዲህ እኒህ ሰው ናቸው ለላፕቶፕ ማስተማር የጀመሩት። መምህራቸው በቃል ያስረከቧቸው፣ በጽሑፍ የትም የማይገኝ የቅኔ መንገድ ነበራቸው። ለተማሪ ሊያስረክቡ ጠበቁ፤ ተማሪ አልመጣም። በመጨረሻ «ለማንም ቢሆን ይቀመጥ» አሉና በየማታው ከራት በኋላ ይናገሩ ጀመር፤ ፀደንያ ትቀዳለች። ሲያልቅ ሐይቁ ውስጥ ካሉት ደሴቶች ወደ አንዱ ገዳም ሊገቡና ቀሪ ዕድሜያቸውን በጸሎት ሊጨርሱ ቆርጠዋል። «አደራዬን ሳላስረክብ ግን ንቅንቅ አልልም» ይላሉ።

ፀደንያም ብትሆን ጮክ ብላ አትናገረውም እንጂ ያን ቀን ትጠብቃለች። ሠላሳዎቹን አጋምሳለች፤ አንድ ጊዜ የመጣላት ትዳር እንኳ «አባባስ?» በሚለው ጥያቄ ተመልሷል። አንድ ቅዳሜ ልብስ እያጠብን ሳለ «ያች ጀልባ የተነሣች ዕለት አባባም ይፈታሉ፤ እኔም እፈታለሁ» አለችኝ። ወዲያው ደንግጣ በሳሙና እጇ አማተበች።

ላፕቶፑ ወንድሟ ኪሩቤል ሥራ ይዞ አዲስ አበባ ሲሄድ ትቶላት የሄደው አሮጌ ማሽን ነው። ቫይረስ ሲያስቸግረው ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሥርዓት ጭኖበታል። ባትሪው ሞቷል፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። አንድ ማታ ጭራሽ አልነሣም አለ። ነካክታው ነካክታው ተነሣ፤ የእሷ ልብ ግን ወርዶ ቀረ። የአባቷ ድምፅ በሙሉ ሆም የሚሉት ፎልደር ውስጥ ነው ያለው፤ ሌላ የትም የለም።

«ፍላሽ ላይ አትገለብጪውም?» አልኳት። እኔ የማውቀው ይህንኑ ነው።

ሞክራለች። ፋይሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ግልበጣው መሃል ላይ ሲደርስ መብራት ይሄዳል። ሲመለስ የቱ እንደገባ የቱ እንደቀረ አይታወቅም። አንድ ጊዜ ደግሞ ደክሟት ሁለት ፋይል በአንድ ስም ሰይማ፣ አዲሱን አሮጌው ላይ ደርባ አጠፋችው። የኔታን «ይድገሙልኝ» ማለት ደግሞ አይታሰብም።

ኪሩቤል በስልክ መላውን ነገራት፤ ስክሪፕት ጻፊ አላት። ትዕዛዞቹን አንድ ፋይል ላይ በተራ ትጽፊያለሽ፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ በየቀኑ በሰዓቱ ራሱ ይፈጽማቸዋል፣ አዲስ የገባውን ብቻ ለይቶ ፍላሹ ላይ ያስቀምጣል። ለተናጋሪው ቀላል ነው! ያን ሰሞን በጸጥታው ምክንያት ዳታ ተቋርጧል፤ ቪዲዮ አይታይ፣ ጉግል አይጠየቅ። መንገድ ተዘግቶ ኪሩቤል መምጣት አይችልም። ሲመሽ ባጃጅ የለም። ሁላችንም ተዘግቶብን ነበር፤ እሷ ላይ ግን በተዘጋው ከተማ ውስጥ አንድ በር ተጨምሮ ተዘጋባት።

የቀራት ማሽኑ ሆዱ ውስጥ የያዘው የእንግሊዝኛ መመሪያ ነበር። ጥቁሩን መስኮት ከፍታ የትዕዛዙን ስም ስትጽፍለት ገጽ በገጽ ይዘረግፍላታል። «ይህን የጻፈው ሰው እንዲገባን አልፈለገም» አለችኝ አንድ ቀን። «የአባባ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም፤ አንዴ ብሎ ያልፋል።»

ቅዳሜና እሑዷን ሠዋችለት። አንድ ነጥብ ስትጎድል ይቆጣል፤ አንድ ክፍተት ስትበዛ ይቆጣል። ሆም ውስጥ ድምፁ ያለበትን ፎልደር «አባባ ድምፅ» ብላ ሰይማው ነበርና፣ በመሃሉ ባለው ክፍት ቦታ ምክንያት ማሽኑ ሁለት የተለያየ ነገር አድርጎ ቆጠረው። በግድግዳው በኩል ስትጮህ ሰማኋትና ሮጬ ሄድኩ።

«አባባ የሚባል የለም ይለኛል እኮ! እኒህ አልጋው ላይ ተቀምጠው!»

የኔታ ከአልጋቸው ላይ ሳቁ። እሳቸው ሲስቁ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ስሙን በትምህርተ ጥቅስ ማጠር እንዳለባት እስክትደርስበት ብዙ ለፋች። ግን ደረሰችበት። ኪሩቤል ደግሞ ያስጠነቅቃታል፤ «መጀመሪያ በትንሽ ፎልደር ሞክሪው፤ ተሳስተሽ ዋናውን እንዳታጠፊብን።» ስለዚህ «ሙከራ» የሚል ፎልደር ከፍታ ጥቂት ፎቶዎች አስገባችና ስክሪፕቱን አስነሣችው። ምንም አልተናገረም። ፍላሹን ስትከፍት ፎቶዎቹ እዚያ ቁጭ ብለዋል። እልል ማለት ነበር የቀራት።

«ምንም ሳይለኝ እኮ ነው የሠራው» አለችው ለወንድሟ።

«ሊኑክስ እንዲያ ነው። ችግር ሲኖር ነው የሚናገረው። ዝም ካለ ሠርቷል ማለት ነው።»

ይህን ነገር በጣም ወደደችው። የማትጨነቅበት አንድ ጉዳይ እንኳ አገኘች መሰለኝ። «ሙከራ» የሚለውን በዋናው «አባባ ድምፅ» ፎልደር ተካችው። የቀረው ሰዓቱን መንገር ነበር። ማሽኑ ሁልጊዜ ክፍት የሚሆነው ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ የኔታ ራት በልተው የሚናገሩት ያኔ ነውና። ሁለት ብላ ጻፈች። የኔታ ሲጨርሱ ማሽኑን ትዘጋና፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ እንዳያቃጥልባት ከሶኬቱ ትነቅለዋለች። ፍላሹ ግን እንደተሰካ ያድራል።

ከዚያ በኋላ ያለው ክረምትና በጋ በአንድ ክፍል ውስጥ ነው ያለፈው። የኔታ ይናገራሉ፤ እሷ የመቅጃዋን ቀይ ነጥብ ትጠብቃለች። መብራቱ ብልጭ ሲል ልቧ ብልጭ ይላል። ሐሳቧ ነገ ፋብሪካው ስለሚገባው ዕቃ ነው፣ ስለ ሰርቪሱ ነው፣ ጮክ ብላ ስለማትናገረው ሌላ ሕይወት ነው። አንዳንዴ እገባና በር ላይ እቀመጣለሁ። የየኔታ ድምፅ ሞልቶ ይፈሳል፤ የፀደንያ ዓይን ከነጥቧ ላይ አይነሣም። እስረኛ መፈቻው ሲቃረብ ቀኑ ይረዝምበታል የሚሉት እውነት ነው። የኔታ «ቀረኝ፣ ትንሽ ቀረኝ» ማለት ሲጀምሩ ደግሞ ጭራሽ እንቅልፍ አጣች። ፋሲካ ሲያልፍ የሚወስዳቸው ምናሴ የሚባል ባለ ጀልባ ተነገረው። ጋቢያቸው ታጥቦ ተጣጥፎ ተቀመጠ።

የሆሳዕና ሰሞን መብራት ሄዶ መጣና ላፕቶፑ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ ያሰማ ጀመር። ግሽ አባይ ወዳለ ጥገና ቤት ወሰድነው። ቤቱን የከፈተው ጢማም ሰውዬ ገላልጦ አየና «ዲስኩ ሞቷል፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት።

ፀደንያ ሳቀች። «ግድ የለም። እኔ ባክአፕ አለኝ» አለች፤ ኩራቷን ብታዩት! ፍላሹን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው።

ሰውዬው በራሱ ኮምፒውተር ከፈተው። «ሙከራ» የሚል አንድ ፎልደር አለ። ውስጡ የግቢያችን ፎቶ፣ የታጠበ ልብስ የተሰጣበት ገመድ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ። ሌላ ምንም የለም።

«በስንት ሰዓት እንዲሠራ ነበር ያዘዝሽው?»

«ሁለት ሰዓት። ማታ።»

ሰውዬው አንገቱን ደፋ። «ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው እህቴ። የኛን የማታ ሁለት ሃያ ነው የሚለው። አንች ሁለት ያልሽው የሌሊቱን ስምንት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ክፍት ነበር?»

የፈረንጅ ሰዓት ጠፍቷት አይደለም፤ ማን ያጣዋል? ግን ስልካችን ስምንት ሲለን እኛ ሁለት ብለን ነው የምናነበው፤ ልባችን የሚቆጥረው በራሱ ነው። ልቧ ያላትን ጻፈች። ማሽኑም በየሌሊቱ ከሶኬት ተነቅሎ ተኝቶ ነበር፤ ሳይሠራ ዝም ብሎ። የተኛ ነገር ችግር አለ ብሎ አይናገርም።

ዲስኩን በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ተለምኖ ለኪሩቤል ላክነው። እዚያም ያየው ሁሉ ምንም አይወጣም አለ። ፀደንያ ለአባቷ «ማሽኑ ጥገና ገብቷል» ብላ ሰሙነ ሕማማትን አለፈች፤ ፋሲካንም አለፈች። ፊቷ ግን አመድ መስሏል። «ሂጂና ንገሪያቸው» ስላት «ነግሬያቸው የት እገባለሁ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። አንድ ክፍል ነው ያላቸው።

የዳግማይ ትንሣኤ ማታ ወጥ ይዤላቸው ገባሁ። ጀልባው የሚመጣው በዚያው ሳምንት ነው። የኔታ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው መቋሚያቸውን ይደባብሳሉ። ልወጣ ስል ፀደንያ ጀመረች፤ መውጣትም መቀመጥም አቃተኝና በሩ ላይ ቀረሁ።

«አባባ፣ ጠፋ።»

«ምኑ?»

«ያሉት ሁሉ። ከመጀመሪያው ጀምሮ። ሰዓቱን ተሳስቼ፣ የኔ ጥፋት ነው። ምንም አልተረፈ።»

የኔታ መቋሚያውን ሲጨብጡት ሊመቷት መስሎኝ ነበር። ኋላ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩና «አንችስ ምን ያዝሽ?» አሏት።

ፀደንያ ያን ስክሪፕት ከነነጥቡ፣ ከነትምህርተ ጥቅሱ ዛሬ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቋት በቃሏ ትወጣዋለች። ከአባቷ ነገር ግን አንድ ዐረፍተ ነገር አልነበራትም።

«ምንም አልያዝሁ አባባ። መቅጃውን ስጠብቅ ነበር።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«እዚህ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ» አሉ የኔታ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። «እኔስ መቼ ላንች ተናገርሁ። ተማሪ የለኝም ብዬ ለዕቃ ተናገርሁ። ሴት ናት ብዬ አለፍሁሽ» አሉ። እኔ ቆሜ አለቀስኩ፤ ምን አፍራለሁ።

«ምናሴ ላይ ደውይና ተወው በይው።»

«አባባ! ገዳሙስ?»

«ተወው በይው አልሁሽ።» መቋሚያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አልጋውን መታ መታ አደረጉላት። «ነይ፣ እዚህ ተቀመጭ። ስልክሽንም አስቀምጭው፣ እሱም ይስማ። አንች ግን ስሚኝ።»

ፀደንያ ወደ በሩ አየች። እኔን አልነበረም ያየችው፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን ነበር። ከዚያ ሄዳ ተቀመጠች።

የኔታ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ያ ሞልቶ ይፈስ የነበረው ድምፅ ቀጥኗል፤ ገና ሁለተኛው ነገር ላይ ቃል ጠፍቷቸው ቆሙ፣ ፈለጉት፣ አገኙት። መጨረሻው ድረስ እንደማይዘልቁ እሳቸውም አውቀውታል፤ እሷም አውቃለች።

«ያዝሽው?»

«ያዝሁት አባባ» አለች፤ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

«በይ ንገሪኝ» አሉ።