ጥጉ የተመታ ላፕቶፕ

ላፕቶፑን የጣልኩት እኔ ነኝ። ይህቺን አጭር ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ስድስት ወር ፈጅቶብኛል። ባሌ አሁንም አያውቅም። ቢያነብ ኖሮ እዚህ ያገኘው ነበር፤ እሱ ግን ከስፖርት ዜና በቀር የሚያነበው ነገር የለም።

አርብ ዕለት ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ላፕቶፕ ሰፊው የትከሻ ቦርሳዬ ውስጥ ከሁለት ኪሎ ሽንኩርት ጋር አጭቄ ታክሲ ተሳፈርኩ። የላፕቶፕ ቦርሳ የለኝም እንዳይመስላችሁ። ባሌ የገዛልኝ፣ ስፖንጅ ያለው ጥቁር ቦርሳ አለኝ። እሱን ስይዝ ቤት ለቤት ዕቃ የማዞር እመስላለሁ እያልኩ ቁምሳጥን ውስጥ ትቼው ነው የምወጣው። ባሌ ባየ ቁጥር «አንድ ቀን ትጥይውና ታርፊዋለሽ» ይለኛል፤ እኔም «አታሟርትብኝ» እለዋለሁ። ልደታ ደርሼ ስወርድ የቦርሳዬ ማንጠልጠያ የታክሲው በር ላይ ተያዘና ተበጠሰ። ቦርሳው በጥጉ አስፋልቱ ላይ አረፈ፤ ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር ከዚያ ተንከባሎ ጭቃ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ያየሁት ላፕቶፑን ሳይሆን ዙሪያዬን ነው፤ የሚያውቀኝ ሰው እንዳለ። ቤት ስገባ ለመክፈት ስለፈራሁ ቻርጅ ላይ ሰካሁትና ዝም አልኩ።

አማቴ በዚያን ሰሞን እኛ ጋ ነበሩ። ከአምቦ ወዲያ ካለች ትንሽ ከተማ የዓይን ሞራ ሊገፈፉ መጥተው ቀጠሮ እየጠበቁ ነበር። የባሌ አባት ከሞቱ ወዲህ እዚያ ብቻቸውን ስለሚኖሩ፣ ባሌ ከሕክምናው በኋላ እንዳይመለሱ፣ ከእኛ ጋር እንዲኖሩ ይፈልግ ነበር። እኔም እፈልግ ነበር፤ ለይሉኝታ ብዬ አይደለም። ልጅ የለንም፣ ኮንዶሚኒየሙ ቀን ቀን ጭር ይላል፣ ከሥራ ስመለስ በር የሚከፍትልኝ ሰው መኖሩን ለምጄው ነበር። እሳቸው ግን «እስቲ መጀመሪያ ዓይኔ ይዳን» እያሉ ቁርጡን አይናገሩም። ዓለም ገና የምትኖረው የባሌ እህትም እናቷን ትፈልጋለች። ስለዚህ በነዚያ ሳምንታት እኔና ባሌ አማቴን ለማስቀረት እናባብላቸው ነበር ማለት ይቻላል።

አማቴ ዕቃ ራቁቱን ሲቀመጥ አይወዱም። ቴሌቪዥኑንም፣ ፍሪጁንም፣ ፔርሙሱንም ዳንቴል አልብሰውታል። ዓይናቸው እየደከመ በጣታቸው እየቆጠሩ ነው የሚሠሩት፤ አንድም ቀን ሲሳሳቱ አላየሁም። ያን አርብ ማታም ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ እንዳለ አንድ ነጭ ዳንቴል ጣል አድርገውበት አደሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ከፈትኩት። ትንሿ መብራት በራች፣ ፋኑ ጮኸ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ሰኞ ከሰዓት የማቀርበው ሪፖርት ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። ባሌ ተጠራ። ቻርጀሩን ነቅሎ መልሶ ሰካው። ስልኩ ላይ ቪዲዮ ከፍቶ «ፓወሩን ለሠላሳ ሴኮንድ ተጭናችሁ ያዙ» ሲሉት ተጭኖ ያዘ፣ ለጥንቃቄ ብሎም እስከ ስድሳ ቆጠረ። መጋረጃውን ዘግተን በስልክ ባትሪ ስክሪኑ ላይ እያበራን ከጥቁሩ ሥር የደበዘዘ ምስል ይኖር እንደሆነ ፈለግን፤ የለም። በኬብል ከቴሌቪዥኑ ጋር ሲያገናኘውም ቴሌቪዥኑ ሲግናል የለም አለን። ባሌ ወደ እኔ ዞረ።

«ትናንት ደህና አልነበረም እንዴ? ምን ነካው?»

እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። «ጣልኩት» ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ቢበዛ ስለዚያ ጥቁር ቦርሳ አንድ ሳምንት ቢነዘንዘኝ ነው። ግን ዓይኔ ወንበሩ ላይ በተቀመጠው ዳንቴል ላይ አረፈ።

«እንዴት ደህና ይሆናል፣ ሌሊቱን በጨርቅ ታፍኖ አድሮ» አልኩ።

አማቴ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር። «እኔ ነኝ ልጄ ያለበስኩት፤ አቧራ እንዳይገባበት ብዬ» አሉ። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ምላሴ አንዴ ከተነሣ የት እንደሚቆም አያውቅም።

«ካላዩ ደግሞ ለምን ይነካሉ?»

እንዲህ ነው ያልኩት። የታመመ ዓይናቸውን ሊያሳክሙ የመጡ ሰው፣ የባሌ እናት፣ እርስዎ እያልኩ፣ አክብሮቱን ሳላጓድል። አማቴ አንገታቸውን ደፉ። ባሌ አየኝ፣ እሳቸውን አየ፣ ከዚያ «እማዬ፣ ምንም አይደለም፣ ይሠራል» አለ። ደግ ሰው ነው፣ ለማጽናናት ብሎ ነው። ግን ይቅር ሲላቸው ጥፋቱ የእሳቸው ሆኖ ጸደቀ። አማቴ ሲጨንቃቸው በኦሮምኛ ነው የሚጸልዩት፤ እሑድን ሙሉ ከክፍላቸው ድምፃቸው ሲመጣ ሰማሁ።

ሰኞ ጠዋት ከቢሮ ፈቃድ ጠይቄ ላፕቶፑን ለማሠራት ስወጣ አማቴ ነጠላቸውን ለብሰው በሩ ላይ ጠበቁኝ። «እኔ ላበላሸሁት አንቺ ብቻሽን አትንከራተቺም» አሉ። «ይቀመጡ እማማ፣ ይደክምዎታል» ብልም አልሰሙኝም። ክንዴን ይዘውኝ ሦስቱን ፎቅ ወረድን፣ እስከ ጌጃ ሰፈርም ቀስ እያልን ሄድን።

የጥገና ቤቱ አንድ ጠረጴዛና አንድ አግዳሚ ብቻ የሚያስገባ ነው። ባለሙያው በእኔ ዕድሜ ያለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው ነው። ተነሥቶ አማቴን ካስቀመጣቸው በኋላ ገና ሳይጠይቀን «ጥፋቱ የእኔ ነው ልጄ። ቻርጅ ላይ እያለ በዳንቴል ሸፈንኩት፣ ታፈነ» አሉት።

ፈገግ አለ። «ዳንቴል እንዲህ አያደርግም እናቴ። ቢሞቅ ራሱ ይጠፋል፣ ሲበርድለት ይነሣል።»

ጀርባውን በትንሽ ካቻቢቴ ፈታና ከውስጡ የጣት ርዝመት ያላት አረንጓዴ ካርድ አወጣ። ራም የሚሏት ናት። እሷ ከቦታዋ ከተናጋች ማሽኑ ይነሣል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ይሆናል ብሎ አስረዳን። ከመሳቢያው የተማሪ ላጲስ አውጥቶ የካርዷን ወርቃማ ጠርዝ ፈተገው፣ እፍ አለበት፣ መልሶ ቀጭ አድርጎ ሰካት። ፓወሩን ሲጫነው ስክሪኑ በራ። ሪፖርቴም እንደነበረ ነበረ። ከዚያ ላፕቶፑን ገልብጦ በአውራ ጣቱ ጥጉን ዳሰሰው።

«እህቴ፣ ወድቆብሽ ነበር እንዴ? ይኸው፣ እዚህ ጋ ተመትቷል።»

«ኧረ አልወደቀም» አልኩ። ቶሎ ነው ያልኩት። ሰውየው ጥጉን አየ፣ እኔን አየ። የዋሸችው የመጀመሪያዋ ደንበኛ እኔ እንዳልሆንኩ ያስታውቃል።

«እኔ ነኝ የጣልኩት» አሉ አማቴ ከአግዳሚው። «ጠረጴዛውን ስወለውል ነው። ዓይኔ አያይም። ፈርቼ ለእሷም አልነገርኳት።»

ፊቴ ነደደ። አማቴ ጠረጴዛውን አልወለወሉም፤ ዋሽተው አያውቁም፤ ለሐኪም እንኳ ዕድሜያቸውን ቀንሰው የማይናገሩ ሴት ናቸው። ሰው ፊት እንዳላፍር ብለው በስድሳ ምናምን ዓመታቸው ዋሹ። እኔ ደግሞ ቆሜ አዳመጥኳቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ልናገር እያልኩ አልተናገርኩም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሻቸው አጥሮ የደረጃውን ብረት ተደግፈው ቆሙ። ካረፉ በኋላ፣ ፊታቸውን ወደ ግቢው አድርገው፣ እንደዋዛ ነገሩኝ።

«አርብ ዕለት ቦርሳሽን ያጸዳሁት እኔ ነኝ። ሽንኩርቱ ሳይቀር ጭቃ ነበር። የወደቅሽ መስሎኝ ደንግጬ፣ ማታውን ሙሉ እርምጃሽን ሳዳምጥ ነበር፤ ታነክሺ እንደሆነ ብዬ። ደህና ስትራመጂ ጊዜ ተመስገን አልኩ።»

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ያውቁ ነበር። ያን ቃል ስናገራቸው፣ በሩ ላይ ቆመው፣ ሁሉንም ያውቁ ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም፤ ከሁለታችን በቀር ሰው የለም። እኔ ግን «ቁልፉን የት አደረግኩት» እያልኩ ቦርሳዬን መፈተሽ ጀመርኩ። ቁልፉ እጄ ውስጥ ነበር።

ማታ ባሌ ሲገባ አማቴ ቀደሙኝ። «ተሠራላት፣ እኔው ጥዬው ኖሯል» ብለው በዚያ ውሸታቸው ጸኑ። ባሌ «አይ እማዬ» ብሎ ሳቀና ግንባራቸውን ሳማቸው። እኔ ያቀረብኩትን ሪፖርት እንደማርም መስዬ ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ።

ሕክምናው ተሳካ፣ ዓይናቸው በራ። በሁለተኛው ሳምንት ሻንጣቸውን አሰሩ። ዓለም ገና ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ነው። «እዚያ ፎቅ የለም፣ ለጉልበቴ ይሻለኛል» አሉ። ባሌ ቅር ቢለውም አመነ፤ እኔም «እውነታቸውን ነው፣ ደረጃው ይከብዳቸዋል» ብዬ አገዝኳቸው። ሲሰናበቱኝ «ወልደሽ ሳሚ» ብለው መረቁኝ። ቂም ቢይዙብኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የባሌ እህት ደወለች። ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ ኳስ ያያል። የባጥ የቆጡን ካወራን በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዓይኗ እኮ ድኗል፣ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች። ግን ቤቴ ውስጥ ምንም ነገር ሳትጠይቀኝ አታነሳም። ብርጭቆ እንኳ፣ ሪሞት እንኳ። ‹ልንካው?› ትለኛለች፤ እኔን፣ የገዛ ልጇን። እናንተ ጋ እያለች እንዲህ ነበረች?»

ባሌን አየሁት። ኳሱን እያየ ነው።

«ኧረ በፍጹም» አልኳት። «እኛ ጋ እንደ ቤታቸው ነበሩ።»