ካሴ ፍላጎቱን የገደለ ጊዜ

ንፋስ መውጫ ውስጥ ፍልስፍና የተማረ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ካሴ። ዲግሪውን ታቅፎ ሥራ ሲፈልግ ያላንኳኳው በር ቢኖር የመቃብር ቤት ብቻ ነው። በመጨረሻ ራሺድ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ቀጠረው። የላይ ጋይንት ሕዝብ መታወቂያ፣ የልደት ካርድና የመሬት ደብተር በሙሉ በእጁ አልፏል።

«ዓለም ፎቶ ኮፒ ናት» ይላል ካሴ። «ዓይናችን ያትምልናል እንጂ ዋናውን ያየ የለም።» ከሁለት መቶ ዓመት ግድም በፊት የኖረ አንድ ጀርመናዊ እንዲህ ብሏል አሉ።

«መብራት ሲጠፋስ ዓለም የት ትገባለች?» ይለዋል ራሺድ። በእኛ ከተማ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ጀርመናዊው ከዚህ የባሰም ተናግሯል። ከምናየው ሁሉ ሥር ዓይነ ስውር ፍላጎት አለ፤ ያላገኘ ይቃጠላል፣ ያገኘ ይሰለቻል፤ መዳኛው መፈለግን መተው ነው። ካሴ ይህን ሲያስረዳ ገበያተኛው የመጣበትን ወረቀት ረስቶ እያለቀሰ ይወጣ ነበር።

ካሴ ራሱ ግን ጥሩዬን ይፈልግ ነበር። የእህል ነጋዴው የአቶ አጥናፉ ልጅ ናት፣ የሕፃናት አስተማሪ። ሁለት ዓመት ተዋደዱና በጥቅምት ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ በቄስ ቸሬ መሪነት ሄደው ፊታቸው እንደ ፋኖስ በርቶ ተመለሱ።

«እንዴት ሆነ፣ አባ?»

«እሰይ ነው! እምቢ አሉን።»

«እምቢ?»

«ልጃችን ገና ናት፣ ዘመድ እናማክር አሉ። የዛሬ ሁለት ሳምንት እሁድ ቀጥረውናል።»

በእኛ አገር የመጀመሪያው እምቢታ ወግ ነው። ባንዴ እሺ ያለ አባት ልጁን ገዢ ያጣች ዕቃ ያስመስላታል። ይህን የጋይንት በግ እንኳን ያውቀዋል። አራት ዓመት የተማረው ካሴ ግን ያን ቀን እህል አልቀመሰም። በማግስቱ ቄስ ቸሬ ዘንድ ሄደ።

«አባ፣ እንዳይመለሱ። ትቼዋለሁ።»

«ልጅቷን?»

«መፈለግን።»

«ልትመንኩስ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያ አኩርፌያለሁ በለኛ!»

አኩርፎ ነበር። ኩርፊያውን ግን በጀርመን ስም ክርስትና አነሣው። ጥሩዬ ስትደውልም ፍላጎቱ እንዳያገረሽበት ስልኩን አላነሣም።

እሁዱ ደረሰ። በአቶ አጥናፉ ቤት ጠላው ተጠምቆ፣ ዶሮው ተሠርቶ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ዋለ። ማንም አልመጣም። በቀጠሮው ቀን መቅረት ልጅቷን በአደባባይ መናቅ ነው። ከወር በኋላ ከወገዳ ከተማ ሌላ ሰው የላካቸው ሽማግሌዎች መጡ። በዚያ ኮረኮንች መንገድ አጥንታቸው እየተንገጫገጨ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ በሦስተኛው ተፈቀደላቸው።

ካሴ ይህን የሰማው ከራሷ ከጥሩዬ ነው። በጥር መታወቂያዋን ይዛ ፎቶ ኮፒ ቤት መጣች።

«ለጋብቻ ምዝገባ ነው። የወገዳው ሰው ጠይቆኝ አባቴ እሺ ብሏል። ሁለት ኮፒ።»

ካሴ መታወቂያውን ማሽኑ ላይ አስቀመጠ፤ ክዳኑን መክደን አቃተው።

«አባትሽ እምቢ አሉ እኮ» አለ።

«በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የት ታውቃለህ? እየጎተተ ያምጣልህ?»

«መፈለግ ነው ሥቃይ የሚያመጣው ብዬ…»

«የራስህን ተው። የእኔን ማን ተውልኝ አለህ? ያን እሁድ ከጠዋት እስከ ማታ በር በሩን ሳይ ዋልሁ፣ ካሴ።»

«አሁን ብልክስ? ነገ… ዛሬ! አባ ቸሬ እግር ላይ ወድቄ…»

«ቃል ተሰጥቷል። አባቴን ሁለተኛ አላሳፍረውም።»

«ትወጂዋለሽ?»

«በቀጠሮው መጣ» አለች።

ክዳኑን ራሷ ከደነች፣ ቁልፉንም ራሷ ተጫነች። ሁለቱን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

ራሺድ ከጓዳ ሆኖ ሁሉን ሰምቷል። ወጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«አይዞህ፣ ወንድሜ» አለ። «ፍላጎት ይሞታል ስትል አልነበር?»

«ሦስት ወር ሙሉ እየገደልሁት ነው፣ ራሺድ» አለ ካሴ። «ትንሽ እንኳን አላመመውም።»