የሦስተኛው ክፍል ቁልፍ

እማማ በዛብሽ በቢቸና ጥጥ ፈትለው ያደሩ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ግራ እግራቸው አልታጠፍ ያለ የሰባ ሁለት ዓመት መበለት ናቸው። ያለቻቸው አንዲት የጭቃ ቤት ነበረች። መንግሥትና አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ተጣምረው ለአቅመ ደካሞች ባለ ስምንት ክፍል ቤት ሊሠሩ ተስማሙ፤ ነርስም እየመጣች ትጎበኛቸዋለች ተባለ። ቦታው የእማማ ግቢ፣ ከክፍሎቹ አንዱም የእሳቸው።

በማስጀመሪያው ቀን ሹማምንቱ አዲስ ቆብ ደፍተው ተሰለፉ። እኛ አገር ቤት መሥራት የሚጀምረው በማፍረስ ነው፤ ለካሜራ የሚመቸው እሱ ነዋ። አንዷን ዶማ ለአምስት ተቀባበሏት። እማማን “ሁለት ወር ዘመድ ዘንድ ይቆዩ” ብለው ሞጣ ሰደዷቸው፤ የእህታቸው ልጅ ምሥራቅ ከተከራየቻት ጠባብ ክፍል። ሁለቱ ወር ሁለት ክረምት ሆነ። በመጨረሻ አከራዩ “እኔ ያከራየሁት ለአንድ ሰው ነው” ብሎ አስወጣቸው።

በምረቃው ቀን ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ሲደርሱ እኔም እዚያው ነበርሁ። በሩ ላይ በተሰቀለው ባነር ፎቷቸው ተንሰራፍቷል፤ ከሥሩ “የቤት ባለቤት ሆንኩ” ይላል። የቀበሌው ጸሐፊ ስጦታው መዝገቡን አገላበጠና፣

“እማማ፣ እርስዎ የሉም” አላቸው።

“ምነው ልጄ፣ ሞቻለሁ እንዴ?”

“መታወቂያዎ አልታደሰም። ለማደስ የቤት ቁጥር ያስፈልጋል። የእርስዎ ደግሞ ቤቱ ሲፈርስ ተሰርዟል።”

“ያፈረሳችሁት እናንተ አይደላችሁ?”

“እሱማ ሪፖርቱ ላይ አለ።”

በቢሮክራሲ ላይ የተጻፈ ቀልድ ስንቱን አንብቤያለሁ፤ ይህን ግን ማንም ደፍሮ አልጻፈውም። እየቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም።

በዚህ መሀል የክብር እንግዳው ደረሱ። ባነሩን ቀና ብለው አዩና፣ “እኒህ እናት የታሉ? ቁልፉን ለእሳቸው ነው የምሰጥ” አሉ። ስጦታው ላብ አጠመቀው። የሦስተኛውን ክፍል ቁልፍ ለእንግዳው አቀብሎ ወደ እማማ ጆሮ ጎንበስ አለ፦

“ለፎቶው ብቻ ነው፤ ኋላ ይመልሱልኛል።”

ቁልፉ ተሰጠ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሡ። እንግዶቹ ወደ ምሳው ሲያቀኑ ስጦታው እጁን ዘረጋ። እማማ ግን እግራቸውን እየጎተቱ አልፈውት ሄዱ፤ ሦስተኛውን በር ከፍተው ገቡና ከውስጥ ቆለፉ።

አንኳኳ።

“ማን ነው?”

“ስጦታው ነኝ እማማ፣ ይክፈቱልኝ።”

“የቤት ቁጥርህ ስንት ነው?”

ሰውየው፣ በዓይኔ ባላይ አላምንም፣ ሊመልስላቸው መዝገቡን ገለጠ።