በእሾህ የዘጋሁት ማቋረጫ
አንኮበር አጠገብ ያለው ደጄ የመንደሩ ሁሉ ወደ ማሳ ማቋረጫ ሆኖ ነበር። ጎረቤቴ አያ ወርቁማ ማለዳ ማለዳ በሬዎቹን በነጭ ሽንኩርቴ ላይ ይነዳብኛል። በእሾህ ብዘጋው በሬዎቹ በቀንዳቸው ገፍተው ያልፋሉ። ስንት ጊዜ ተጣላን!

ኋላ የከብት በሽታ ገባና የእኔንም የእሱንም በሬዎች ፈጀ። ደጄ ጭር አለ።

አንድ ማለዳ እሾሁ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። በሬ የተረፈለት ማን ይሆን ብዬ ዱላዬን ይዤ ወጣሁ። አያ ወርቁ ቀንበሩን አንገቱ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ሚስቱ ከኋላው ሞፈሩን ተሸክማለች። የቀንበሩ ሌላ ወገን ባዶ ነው።

«ወንድሜ፣ እሾህህን አንሳና በባዶው ወገን ግባ» አለኝ። «ጠዋት የእኔን፣ ከቀትር በኋላ ያንተን እናርሳለን።»